ስለ «ቤቶች» እና ስለ ነጥብ አሰጣጥ

በዚህ ዓመት በትምህርት ቤታችን ከተጀመሩት አዳዲስ ነገሮች መካከል እጅግ ያነጋገረው የ«ቤት» እና የነጥብ ሥርዓት መሆኑ አይካድም። አንዳንድ ወላጆችም «ልጄ ዛሬ ለአዋሽ ነጥብ አስገኘሁ ይለኛል፤ ይህ ምን ማለት ነው?» እያሉ መምህራንን ጠይቀዋል። እኔም የተከዜ ቤት ጸሐፊ ሆኜ ዓመቱን ሙሉ መዝገቡን ስለ ያዝሁ፥ ነገሩ ከየት እንደ መጣ፥ ምን እንደሚጠቅምና የት ላይ እንደሚበላሽ ያየሁትንና ያነበብሁትን ለመግለጽ እሞክራለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ስሙ የመጣው ከእንግሊዝ አገር አዳሪ ትምህርት ቤቶች ነው። በ1440 የተመሠረተውን ኢተንን በመሳሰሉ ትምህርት ቤቶች ተማሪዎች በልዩ ልዩ ቤቶች ተከፋፍለው ያድራሉ። እያንዳንዱ ቤት የራሱ ኃላፊ መምህርና የራሱ የስፖርት ቡድን ስላለው፥ ተማሪው «የእገሌ ቤት ልጅ ነኝ» ብሎ ይኮራል። ኋላም ተማሪዎቻቸው ማታ ወደየወላጆቻቸው የሚመለሱ ትምህርት ቤቶች ቤቱን ትተው ስሙን ብቻ ወሰዱ። የእኛዎቹም አባይ፥ አዋሽ፥ ተከዜና ባሮ ጣራም በርም የሌላቸው ቤቶች ናቸው። ብዙዎቻችን ሥርዓቱን መጀመሪያ ያወቅነው በ1997 መታተም ከጀመረው ከሃሪ ፖተር ታሪክ ነው፤ በዚያ ግን አንዳንዱ መምህር ነጥቡን የሚሰጠውም የሚቀንሰውም ደስ እንዳለው ስለ ሆነ ለአርአያነት የሚበቃ አይመስለኝም።

በእኛ ዘንድ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያለው ተማሪ ሁሉ በጥቅምት ወር በዕጣ ተደለደለ። መምህራን አረንጓዴ ካርድ ይይዛሉ፤ የጠፋ ዕቃ ለመለሰ፥ ሒሳብ ያልገባውን ጓደኛ ላስረዳ፥ ሳይታዘዝ ሰሌዳ ላጸዳ አንድ ካርድ ይሰጣሉ። ያረፈደ ሁለት ነጥብ፥ የተደባደበ ዐሥር ነጥብ ከቤቱ ያስቀንስ ነበር። የየቤቱም ድምር ሰኞ ጧት ሰንደቅ ዓላማ ከተሰቀለ በኋላ ይነበባል።

ይህ ነገር ይሠራልን? አዎን፥ ይሠራል። በ1969 ባሪሽ፥ ሳውንደርስና ዎልፍ የተባሉ ተመራማሪዎች በአሜሪካ አገር አንድን የ4ኛ ክፍል በሁለት ቡድን ከፍለው፥ ያለ ፈቃድ በተናገረ ወይም ከቦታው በተነሣ ልጅ ቡድን ላይ መምህሩ ሰሌዳ ላይ ምልክት እንዲያደርግ አደረጉ። ምልክቱ ያነሰው ቡድን ለምሳ ቀድሞ እንደ መሰለፍ ያለ ትንሽ መብት ያገኛል። ረብሻው እጅግ ቀነሰ፤ ጨዋታው ሲቋረጥ ተመልሶ መጣ። እዚህ ላይ አንድ ደንብ ልብ ይሏል፤ ሁለቱም ቡድኖች ከተወሰነው ቁጥር ካላለፉ ሁለቱም ያሸንፋሉ። ይህን ደንብ እኛ ዘንግተነው ነበር።

እኛ ከልጅነታችን የለመድነው የክፍል አለቃ «ረባሾች» ብሎ ሰሌዳ ላይ ስም ሲደረድር ማየት ነው። ዝም ብሎ የተቀመጠውን ግን ማን ጽፎት ያውቃል? ካርዱ ይህን ስላስተካከለ ወደድሁት። አንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ በቤተ መጻሕፍት የተቀደዱ መጻሕፍትን ስትለጥፍ ከርማ ኖሮ፥ ስሟ በሰልፍ ላይ እስኪጠራ ድረስ ያወቀ አልነበረም።

ነገር ግን ካርዱን ለማግኘት ሲል ወረቀት ጥሎ መምህር ሲመጣ መልሶ ያነሣ ልጅም በዓይኔ አይቻለሁ። በ1973 ሌፐር፥ ግሪንና ኒስቤት ሥዕል መሣል የሚወዱ ሕፃናትን ፈትነው ነበር። «ብትሥሉ ሽልማት ትቀበላላችሁ» የተባሉት ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት በኋላ ለመሣል ያላቸው ፍላጎት ሲቀንስ፥ ሽልማቱን ሳያስቡት ያገኙት ግን እንደ ቀድሞው ይሥሉ ነበር። ስለዚህ ካርዱ ሳይታሰብ ቢመጣ ይሻላል።

ከሁሉ የባሰው ግን በእኔው እጅ የሆነው ነው። በቤታችን አንድ የ10ኛ ክፍል ልጅ በኅዳር ወር ብቻ ሰባት ቀን አረፈደ፤ 14 ነጥብ ማለት ነው። በመንፈቁ ውጤት ተከዜ በስድስት ነጥብ ብቻ በአባይ ተበለጠ። በስብሰባችን «ነጥቡ የት ጎደለ?» ሲባል መዝገቡን ገልጬ ስሙን ያነበብሁት እኔ ነኝ። የሰደበው የለም፤ ነገር ግን በዕረፍት ሰዓት አጠገቡ የሚቀመጥ ጠፋ፤ በጨዋታም ኳስ የሚያቀብለው አልነበረም። አራት ቀን ቀረ። የክፍሉ ኃላፊ መምህር ቤቱ ድረስ ሄደው ሲጠይቁ፥ እናቱ ሌሊት እንጀራ ጋግረው ለየምግብ ቤቱ ለማድረስ ስለሚወጡ፥ ሁለቱን ታናናሾቹን ቁርስ አብልቶ ትምህርት ቤታቸው የሚያደርሰው እሱ ኖሯል። ይህን እንድጽፍ ፈቅዶልኛል።

ከዚያ በኋላ የሙዛፈር ሸሪፍን ጥናት አነበብሁ። በ1954 በኦክላሆማ 22 ልጆች በሁለት ቡድን ተከፍለው በደን ውስጥ ሰፈሩ። በቤዝቦል፥ በገመድ ጉተታ፥ በማደሪያ ንጽሕና ሳይቀር ነጥብ እየተቆጠረላቸው ሲወዳደሩ፥ ባንዲራ እስከ መቃጠልና ማደሪያ እስከ መውረር ደረሱ። አብረው እንዲበሉ ቢደረግም አልታረቁም፤ ማዕዱ ላይ ምግብ ተወራወሩ። ያቀራረባቸው የጋራ ችግር ነው፤ መኪናው አልነሣ ሲል በዚያው በተጓተቱበት ገመድ በአንድነት ጎተቱት።

በየካቲት ወር ከመምህራን ጋር ተነጋግረን ሁለት ነገር ተለወጠ። ማርፈድ የተማሪውና የክፍሉ ኃላፊ መምህር ጉዳይ ሆነ፤ ከቤቱ ነጥብ አይቀነስም። ደግሞም 400 ነጥብ የሞላ ቤት ሁሉ፥ አራቱም ቢሆኑ፥ የግማሽ ቀን የስፖርት ውድድር ያገኛል ተባለ። አንዳንድ መምህራን «ቅጣት ከሌለ ሥርዓት ይላላል» ብለው ተቃውመው ነበር፤ አሳባቸው የሚናቅ አይደለም። በመዝገቤ እንዳየሁት ግን የአርፋጆቹ ቁጥር በቤታችን አልጨመረም፤ እውነቱን ለመናገር ብዙም አልቀነሰም። በግንቦት ሦስት ቤቶች 400 ሞሉ። ባሮ በ11 ነጥብ ሲጎድለው፥ የአዋሽ ልጆች የባሮን የ9ኛ ክፍል ተማሪዎች ፊዚክስ ያስጠኑ ጀመር፤ ያስጠኑበት ካርድ ለባሮ እንዲቆጠር መጠየቃቸው ግን መምህሩን አስቆ ነበር።

ያ የ10ኛ ክፍል ልጅ አሁንም አንዳንድ ቀን ያረፍዳል። በመንገዱ ላይ የሚኖሩ ሁለት የቤታችን ልጆች ታናናሾቹን በተራ ማድረስ ከጀመሩ ግን ሁለት ወር ሆኗቸዋል። ካርድ ይገባቸው እንደ ሆነ መምህሩን ልጠይቅ ተነሥቼ ነበር፤ ልጆቹ ሰምተው ስለ ተቆጡኝ ተውሁት።