የወንጪው «ዸ» እና የኮምፒውተር ጉሮሮ፦ ተረትና እውነታ

ከወንጪ አፋፍ ወደ ሐይቁ ስንወርድ ፈረሱን የሚስበው ወጣት «ዸዻ በሉ እስቲ» አለኝ። በኦሮምኛ ቅቤ ማለት ነው። «ደዳ» አልኩ። ራሱን ነቀነቀና ደገመልኝ፤ አሁንም አልሆነልኝም። ኮምፒውተር እንዲናገር ማድረግ ለምን ከባድ እንደሆነ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

ብዙ ሰው ድምፅ ጉሮሮ ውስጥ ተሠርቶ የሚያልቅ ይመስለዋል። የድምፅ አውታሮች የሚሰጡት ግን እዝዝታ ብቻ ነው። እዝዝታውን «አ» ወይም «ኢ» የሚያደርገው ከማንቁርት እስከ ከንፈር ያለው ቱቦ ነው፤ በአዋቂ ወንድ 17 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይረዝማል። አንድ የአምቦ ውሃ ጠርሙስ ይክፈቱና አፉ ላይ እፍ ይበሉ። ግማሹን ጠጥተው እንደገና ይሞክሩ፤ ድምፁ ይወፍራል። ጠርሙሱ ያው ነው፣ የሰፋው በውስጡ ያለው ባዶ ቦታ ነው። ምላስም አፍ ውስጥ ያለውን ቦታ እያሰፋና እያጠበበ ድምፁን ይቀይረዋል።

ሌላው ተረት «ማሽን የሚናገረው የሰው ድምፅ ተቀድቶለት ነው» የሚለው ነው። ቮልፍጋንግ ፎን ኬምፕለን በ1791 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ ያብራራት ተናጋሪ ማሽን ሳንባዋ ወናፍ ነበር፤ ቅጂ የሚባል ነገር ገና አልተፈጠረም። በ1962 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎቹ ኬሊና ሎክባም ከማንቁርት እስከ ከንፈር ያለውን ቱቦ በትናንሽ ቁራጮች ከፍለው፣ የድምፅ ሞገድ በየመጋጠሚያው ምን ያህል እንደሚያልፍና እንደሚመለስ በኮምፒውተር አሰሉ። ዛሬ ስልካችን ላይ የምንሰማቸው አብዛኞቹ ድምፆች በእርግጥ ከብዙ ቅጂ የተማሩ ናቸው፤ ስለ ጉሮሮ የሚያውቁት ነገር የለም።

ከሁሉ የሚጎዳን ግን «ለእንግሊዝኛ የተሠራ ጉሮሮ ለኛም ይበቃል» የሚለው ነው። ጣትዎን ማንቁርትዎ ላይ አድርገው «ከበረ»፣ ቀጥሎ «ቀበረ» ይበሉ። በ«ቀ» ጊዜ ማንቁርቱ ወደ ላይ ብድግ ይላል። የድምፅ አውታሮቹ ተዘግተው፣ ከላያቸው ያለው አየር ታምቆ ይፈነዳል። ጠ፣ ጨ፣ ጰ፣ ጸም እንዲሁ ናቸው። የወንጪው «ዸ» የዚህ ተቃራኒ ነው፤ የምላስ ጫፍ ላንቃ ላይ እንደተጣበቀ ማንቁርቱ ዝቅ ይላል፣ አፍ ውስጥ ያለው አየር ይሳሳል፣ ምላሱ ሲላቀቅ አየር ወደ ውስጥ ይሳባል። እኔ ያቃተኝ ይኸው ነበር። ማንቁርቱ ከቦታው የማይነቃነቅ፣ አየርን ከሳንባ ወደ ውጭ ብቻ የሚገፋ የኮምፒውተር ሞዴል አማርኛንም ኦሮምኛንም በትክክል አይናገርም። ማንቁርትን ከፍና ዝቅ የሚያደርግ ሞዴል ግን አለ፤ ጀርመናዊው ተመራማሪ ፒተር ቢርክሆልዝ የሠራው ቮካልትራክትላብ አንዱ ነው።

ማየት ለተሳነው ተማሪ መጽሐፍ የሚያነብለት ማሽን «ቀበረ»ን «ከበረ» ካለበት ነገሩ ሁሉ ተበላሸ። የአምቦ ዩኒቨርሲቲ የቋንቋና የኮምፒውተር መምህራን ሆይ፣ «ዸ»ን አሳምሮ የሚናገር ሰው ደጃችሁ ላይ ነው፤ ማንቁርቱ ስንት ሚሊ ሜትር እንደሚወርድ ለክታችሁ ስጡን።