ያለፈው ዘመን ተጫዋቾች ስለሚሰለፉበት ሕግ

በአሜሪካ አገር ቤዝቦልን የሚወዱ ሰዎች፣ በሜዳ ያዩት አልበቃቸው ብሎ፣ በየዘመኑ የነበሩትን ተጫዋቾች ከመዝገብ እያነሡ በጠረጴዛ ላይ እንደ ገና የሚያጋጥሙበት ሌላ ጨዋታ አላቸው፤ ከዚህም ወገን እጅግ የታወቀው፣ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1961 ሃል ሪችማን ለገበያ ያወጣው ስትራት-ኦ-ማቲክ ነው። እያንዳንዱ ተጫዋች በአንድ የውድድር ዘመን የሠራው ሁሉ በቍጥር ተቀምሮ የተጻፈበት ካርድ አለው። ሦስት ዳይስ ይጣላል፤ አንደኛው ከ1 እስከ 3 ካሳየ የመቺው፣ ከ4 እስከ 6 ካሳየ የወርዋሪው ካርድ ይነበባል፤ የቀሩት የሁለቱ ድምር ደግሞ በዓምዱ ውስጥ የተጻፈውን ፍርድ ያመለክታል።

እንግዲህ ወዳጆች ተሰብስበው፣ እያንዳንዳቸው 25 ሰዎች መርጠው ሊግ ሲያቆሙ፣ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስፈልጋቸው ማን ስንት ጊዜ ሊሰለፍ እንደሚገባው የሚደነግግ ሥርዓት ነው። ለዚህም ከቦብ ሄዝል የሚበልጥ ምስክር አላገኘሁም። ይህ ሰው በ1957 በጁላይ ወር፣ ከሚልዋኪ ብሬቭስ ተጫዋቾች አንዱ በመጐዳቱ፣ ከታችኛው ሊግ ተጠርቶ መጣና በ41 ግጥሚያዎች ከተቈጠሩለት 134 ሙከራዎች 54ቱ ሠመሩለት፤ ይኸውም ከሺህ 403 ማለት ነው። በሚቀጥለው ዓመት መጨረሻ ግን ከታላቁ ሊግ እንደ ወጣ ቀረ። ካርዱ የጥቂት ሳምንታት ሥራ መሆኑን አያውቅምና፣ ወሰን ካልተበጀለት፣ በዚያው ቡድን ዓመቱን ሙሉ የደከመውን ሄንክ አሮንን አስቀምጦ ዕለት ዕለት ይሰለፋል። ስለዚህ ብዙዎቹ፣ ማንም ካርዱ በተጻፈበት የውድድር ዘመን ከተቈጠረለት ሙከራ አይለፍ ብለው ይደነግጋሉ።

ለወርዋሪ ሌላ አንቀጽ ያሻል፤ በ1884 ቻርልስ ራድበርን ብቻውን 678 ኢኒንግ፣ ማለት የጨዋታ ዙር፣ ወርውሯልና፣ የራሱ መዝገብ ሊገታው አይችልም፤ የሚገባበት ሊግ ልማድ ይወስነው።

እኔን እጅግ የሚያሳስበኝ ግን ይኸው የሄዝል ሕግ በጆሽ ጊብሰን ላይ ሲውል ነው። ይህ ታላቅ መቺና ኳስ ተቀባይ ጥቁር በመሆኑ ታላቁ ሊግ በሩን ዘግቶበት ኖረ፤ ጃኪ ሮቢንሰን በ1947 በኤፕሪል ያን በር ሊከፍት ሦስት ወር ሲቀረው በ35 ዓመቱ ዐረፈ። የጥቁሮች ሊጎች የውድድር ዘመን አጭር ነበር፤ ተጫዋቾቹም እንጀራቸውን የሚያገኙት ከከተማ ወደ ከተማ እየዞሩ፣ በሊግ መዝገብ በማይገባ ግጥሚያ ነበር። በ2024 የእነዚሁ ሊጎች መዝገብ ከታላቁ ሊግ መዝገብ ጋር በተዋሐደ ጊዜ፣ ጊብሰን ከሺህ 372 አግኝቶ እስከዚያ ቀዳሚ የነበረውን ታይ ኮብን በልጦ ተገኘ። ታዲያ የሄዝል መዝገብ ያጠረው የሠራው ጥቂት ስለ ሆነ ነው፤ የጊብሰን ያጠረው ግን የሠራው ስላልተቈጠረለት ነው፤ ሁለቱን በአንድ ስንዝር መለካት ከርትዕ መውጣት ይመስለኛል።

እኔ ብጠየቅ የማጸድቀው አንቀጽ በሙከራ ብዛት ሳይሆን በድርሻ የሚወስነውን ነው፤ ቡድኑ ካደረጋቸው የሊግ ግጥሚያዎች ከአሥር እጅ ዘጠኙን የተሰለፈ ሰው፣ በጠረጴዛውም ላይ ከአሥር እጅ ዘጠኙን ይሰለፍ። በዚህ ሚዛን ሄዝል ከ154 ግጥሚያ 41ዱን ብቻ ስለ ተጫወተ፣ ከዛሬው 162 የሚደርሰው 43 ነው፤ ጊብሰን ግን ጭምብሉን አጥልቆ ከመቺው ኋላ ዕለት ዕለት ይቀመጣል።