ሸክም ነን ወይስ ተሸካሚ?



ከጥቂት ጊዜ በፊት በመርካዝ ክሊታ የሚኖሩ አንድ ሽማግሌ ወደ ቢሮዬ መጡና ገና ሳይቀመጡ «ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አሉኝ። «የልጄ ልጅ ከትምህርት ቤት አልቅሳ መጣች። ከክፍሏ ልጆች አንዱ ‹እናንተ የመንግሥትን ገንዘብ ትበላላችሁ› ብሏት ነው። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ አርሼ የበላሁ ሰው ነኝ፤ የሰው እጅ አይቼ አላውቅም። ለመሆኑ በዚህ አገር ሸክም ሆነን ነው የምንኖር?»

ይህ የብዙዎቻችሁም ጥያቄ መሆኑን ስለማውቅ፣ ለእርሳቸው የሰጠሁትን መልስ ለእናንተም ላካፍላችሁ ፈለግሁ።

በመጀመሪያ እውነቱን እንነጋገር። አዲስ ገቢ ቤተሰብ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ለመንግሥት ወጪ ነው። ማረፊያው፣ ኡልፓኑ፣ የልጆች ትምህርቱ፣ ሕክምናው ሁሉ ገንዘብ ይጠይቃል። ይህን መካድም ሆነ በዚህ ማፈር አያስፈልግም። ገበሬ በሰኔ ጎተራውን ከፍቶ ዘር ሲያወጣ ያየ ሰው «እህሉን አባከነ» አይልም፤ ኅዳር እስኪደርስ ይጠብቃል።

አገሪቱ ይህን በዓይኗ አይታዋለች

እ.ኤ.አ. በ1989 መጨረሻ የእስራኤል ሕዝብ አራት ሚሊዮን ተኩል ያህል ነበር። በ1990 እና በ1991 ብቻ ከ370 ሺህ በላይ ሰዎች ገቡ፤ አብዛኞቹ የመጡት ከሶቪየት ኅብረት ነበር። በግንቦት 1991 በዘመቻ ሰሎሞን በ36 ሰዓት ውስጥ የደረሱት ከ14 ሺህ በላይ ወገኖቻችንም ከእነዚሁ ውስጥ ናቸው።

መጀመሪያ ላይ ችግር ነበር። የቤት ኪራይ ናረ፤ በ1990 በጋ ኪራይ መክፈል ያቃታቸው ነባር ነዋሪዎች በየከተማው ድንኳን ተክለው ተቀመጡ። በ1992 ከመቶ ሠራተኛ ከ11 በላይ የሚሆነው ሥራ አጥ ነበር። ስለዚህ ጎረቤታችን ሲያጉረመርም ሁልጊዜ ከጥላቻ አይደለም፤ ያየው ነገር አለ።

ለዚህ ሁሉ የሚሆን ገንዘብ በካዝናው ስላልነበረ መንግሥት ተበደረ። በ1992 አሜሪካ ለ10 ቢሊዮን ዶላር ብድር ዋስ ለመሆን ተስማማች። ልብ በሉ፣ ዋስ ሆነች እንጂ ገንዘቡን አልሰጠችም። ማሽካንታ ወስዶ ቤት እንደሚገዛ ቤተሰብ፣ ዕዳው የወደቀው በራሱ በእስራኤል ግብር ከፋይ ላይ ነው።

ከዚያስ? የመጣው ሰው ሥራ ፈላጊ ብቻ አልነበረም፤ ዳቦ በሊታም፣ ቤት ተከራይም፣ ጫማ ገዢም ነበር። ቤት ሲሠራለት ግንበኛው ሥራ አገኘ፤ ዕቃ ሲገዛ ባለሱቁ አተረፈ፤ መንግሥትም ከሁሉም ግብር ሰበሰበ። ሰው መምጣቱ ሳይቋረጥ፣ በ1996 የሥራ አጡ ቁጥር ከመቶ ከ7 በታች ወረደ።

የእኛ መከር ለምን ዘገየ?

ከሶቪየት ኅብረት ከመጡት ብዙዎቹ ሐኪሞችና መሐንዲሶች ነበሩ። የተማሩበትን ወጪ ሌላ መንግሥት ከፍሎት ስለነበር ቋንቋውን እንደያዙ ምርታቸው ታየ። ከእኛ አብዛኛው ግን ገበሬና የእጅ ባለሙያ ነበር፤ ልጅም ይበዛን ነበር። ስለዚህ ወጪው ረዘመ፣ መከሩም ወደ ልጆቻችን ተላለፈ። ዛሬ ከእነዚያ ልጆች መካከል ነርሶች፣ ጠበቆች፣ መምህራንና መኮንኖች አሉ። ነገር ግን ዘር ተዘርቶ ካልታረመ አረም ይበላዋል። በልጅ ትምህርት ላይ የሚቆጠብ ገንዘብ ለመንግሥትም ኪሳራ ነውና፣ ወላጆች ሆይ፣ ወደ ትምህርት ቤት ሄዳችሁ «ልጄ ለባግሩት በሚያበቃው መንገድ ላይ ነው ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ።

ግብር ከፋይነት የሚጀምረው በሱቅ ነው

«እኔ ገና ሥራ አልያዝኩም» የምትሉም ብትሆኑ ግብር ትከፍላላችሁ። ከ2025 መጀመሪያ ጀምሮ ማዓም የሚባለው የሽያጭ ግብር 18 በመቶ ነው። ዘይት፣ ሳሙናና ዳቦ ገዝታችሁ 118 ሼቄል ከከፈላችሁ፣ 18ቱ ሼቄል ወደ መንግሥት ካዝና ይገባል። ከዚህ ግብር ነፃ የሆነው ትኩስ አትክልትና ፍራፍሬ ነው።

ትሉሽ የሌለው ድካም

አንዲት እህት ለሁለት ዓመት ያህል ቢሮዎች ስታጸዳ ቆየች። አሠሪዋ «ትሉሽ ከምሰጥሽ ትንሽ ጨምሬ በእጅሽ ልስጥሽ» ብሏት ተስማምታ ነበር። ሥራው ሲቆም ለሥራ አጥ የሚሰጠውን ገንዘብ ልትጠይቅ ወደ ቢቱዋሕ ሌኡሚ ሄደች። ይህን ገንዘብ ለማግኘት ባለፉት 18 ወራት ውስጥ 12 ወር በመዝገብ መሥራት ያስፈልጋል፤ የእርሷ ስም ግን አልተመዘገበም። አሠሪው በሕግ ከደመወዟ ላይ ለጡረታ 6.5 በመቶ፣ ለስንብት ደግሞ 6 በመቶ ሊያስቀምጥላት ይገባው ነበር፤ እርሱም ቀረባት። መንግሥትም ድርሻውን አላገኘም። ሁለት ዓመት ሙሉ ለፍታ፣ በመዝገብ ላይ ግን እንደ ተጧሪ ተቆጠረች። ሰዎች «አይሠሩም» የሚሉን በከፊል እንዲህ እየሆነ ነው።

ስለዚህ አደራ የምላችሁ ይህን ነው። ሥራ ስትጀምሩ ቶፈስ 101 የሚባለውን ቅጽ ሙሉ፤ ወደ አገሩ የገባችሁበትን ቀን በቅጹ ላይ ጻፉ። አዲስ ገቢ ለመጀመሪያዎቹ ዓመታት የገቢ ግብር ቅናሽ አለው። በየወሩ ትሉሽ፣ ማለትም የደመወዝ ወረቀት፣ ጠይቁ፤ መስጠት የአሠሪው የሕግ ግዴታ ነው። በላዩ ላይ ቢቱዋሕ ሌኡሚ፣ ማስ ብሪኡትና ፔንሲያ መጻፋቸውን ተመልከቱ። ካልገባችሁ ወደ ሶሻል ሠራተኛ ይዛችሁ ኑ፤ ወረቀቶቹንም በአንድ አቃፊ ውስጥ ጠብቁ።

ሽማግሌው ይህን ሁሉ ሰምተው ሲነሡ «እንግዲያው ልጅቷን ምን ልበላት?» አሉኝ። «አባባ፣ ‹አያትሽ ትናንት ዘይት ሲገዛ ግብር ከፍሏል፤ አባትሽም ትሉሽ አለው፤ አንቺ ደግሞ ተማሪ› ይበሏት» አልኳቸው። «አባቷ ትሉሽ ይኑረው አይኑረው ግን አላውቅም» አሉና ጥቂት አሰቡ። «ዛሬ ማታ እጠይቀዋለሁ።»

እናንተም ዛሬ ማታ ጠይቁ። በደኅና ቆዩ።