ለጥርስ ሐኪም የሚነገር ነገር

አንዲት ጎረቤታችን የ19 ዓመት ልጅዋን ጥርስ ልታስነቅል በሄደች ጊዜ እኛም አብረናት ነበርን። ልጅቱ በሕፃንነትዋ የጉሮሮ ሕመም አስከትሎት በመጣው የልብ በሽታ ምክንያት የልብዋ ቫልቭ በሰው ሠራሽ ተለውጦላታል። ደምዋ እንዳይረጋ ዋርፋሪን የሚባለውን ኪኒን በየቀኑ ትውጣለች፤ የፔኒሲሊን መርፌም በየወሩ ትወጋለች። እናቲቱ ግን ከዚህ ሁሉ አንዱን እንኳ ለሐኪሙ አልነገረችም። በኋላ ምክንያቱን ብንጠይቃት «የሄድነው ለጥርስ ነው እንጂ ለልብ መቼ ሆነ?» አለችን።

ሐኪሙ ጉጠቱን ከማንሣቱ በፊት የምትወስደውን መድኃኒት ባይጠይቃት ኖሮ ምን ይደርስ እንደ ነበረ ስናስበው ይዘገንነናል። ጥርስ ሲነቀል በአፍ ውስጥ የሚኖሩ ተሐዋስያን ወደ ደም ይገባሉ። የጤነኛ ሰው ሰውነት ወዲያው ያጠፋቸዋል፤ በሰው ሠራሽ ቫልቭ ላይ ግን ተጣብቀው ይራቡና ለሞት የሚያደርስ ሕመም ሊያመጡ ይችላሉ። ስለዚህ እንዲህ ላለው ሕመምተኛ ጥርሱ ከመነቀሉ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ አስቀድሞ ተሐዋስያንን የሚገድል መድኃኒት አንድ ጊዜ ይሰጠዋል። ይህም አብዛኛውን ጊዜ አሞክሲሲሊን ነው። ነገር ግን አሞክሲሲሊን የፔኒሲሊን ወገን ነውና፣ መርፌውን በየወሩ በምትወጋ ልጅ አፍ ውስጥ ያሉት ተሐዋስያን ሊለምዱት ስለሚችሉ፣ ሐኪሙ ከሌላ ወገን መረጠላት። ዋርፋሪኑንም በገዛ ፈቃድዋ እንዳታቋርጥ አስጠንቅቆ፣ የደምዋን የመርጋት ልክ አስመርምራ በሦስተኛው ቀን እንድትመለስ ቀጠራት። ለሥቃይዋ ያዘዘላት ፓራሲታሞል ነው፤ አይቡፕሮፌን ከዋርፋሪን ጋራ ሲገናኝ የደምን መፍሰስ ያባብሳልና። ለድድ ሕመም ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው ሜትሮኒዳዞልም ቢሆን የዋርፋሪንን ኃይል እጅግ ይጨምራል።

በቤት ውስጥ ግን ይህን የሚጠይቅ ማን አለ? ጥርስ በሌሊት ሲነሣ ካለፈው ሕመም የተረፈው ካፕሱል ይፈለጋል፤ የጎረቤትም ይለመናል። የጥርሱ ሥር የተቆጣው በመበስበሱ ከሆነ ግን ጥርሱ ታክሞ ወይም ተነቅሎ ካልሆነ በቀር ካፕሱሉ ሥቃዩን አያስወግድም። አስፕሪንን በድድ ላይ ማስቀመጥም ሥጋውን ያቃጥላል እንጂ አይጠቅምም። ለነፍሰ ጡርና 8 ዓመት ላልሞላው ሕፃን ቴትራሳይክሊን መስጠት ደግሞ የሕፃኑን ጥርስ ለዘለቄታ ያበልዛል። ነፍሰ ጡር ከ20ኛው ሳምንት ወዲህ ሐኪም ሳያዝላት አይቡፕሮፌን መዋጥ አይገባትም።

የጾም ነገርም አለ። አይቡፕሮፌን በባዶ ሆድ ሲዋጥ ጨጓራን ይጎዳል፤ የጨጓራ ቁስል ያለበትማ ደም እስከ መትፋት ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰው ይህንኑ ለሐኪሙ ቢነግር ሌላ መድኃኒት ይመረጥለታል፤ ሕመሙ የጠናበትም የንስሐ አባቱን ያማክር። ቤተ ክርስቲያን በሕመምተኛ ላይ ጾምን አታከብድም።

የጎረቤታችን ልጅ በተቀጠረችበት ቀን ጥርስዋ በደኅና ተነቀለ፤ ደሙም በጥቂት ጊዜ ቆመ። እናቲቱ አሁን የልጅዋን የመድኃኒት ወረቀት በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ትይዛለች፤ ባለፈው ሳምንት ለዓይን ሐኪም ሳይጠይቃት ፈትታ አሳየችው።