የስካርቦሮ አምባና የባሕር ዳር ሆቴሎቹ

በእንግሊዝ አገር ከባሕር እጅግ የራቀ የሚባለው ስፍራ እንኳ ርቀቱ ከ115 ኪሎ ሜትር አይበልጥም። ስለዚህ የዚያ አገር ሰው ዕረፍት ባገኘ ጊዜ ዐይኑን አስቀድሞ የሚጥለው ወደ ባሕር ዳር ነው። ፀሐይ ብትወጣም ዝናም ቢዘንምም ሻንጣውን ይዞ ወደ ጠረፍ መውረድ ከአባቶቹ የወረሰው ልማድ ነው። ከባሕሩ አጠገብ ጥንታዊ ግንብ የተገኘ እንደ ሆነ ደግሞ ደስታው እጥፍ ይሆናል፤ ጧት ልጆቹን በአሸዋ ላይ አጫውቶ ከቀትር በኋላ የነገሥታቱን ሥራ ሊያሳያቸው ይችላልና።

እንዲህ ያሉ ስፍራዎች ጥቂቶች አይደሉም። በደቡብ ምሥራቅ ዶቨር፣ በሰሜን ባምብራ፣ በምዕራብ ደግሞ በኮርንዎል አውራጃ ቲንታጄል ይገኛሉ። ሁሉም የየራሳቸው ውበት አላቸው። ይሁን እንጂ የማደሪያ ምርጫ ቀላል መስሎ የሚታይ ብርቱ ጉዳይ መሆኑን ለመረዳት ለሚፈልግ ሰው ከስካርቦሮ የበለጠ አስተማሪ ከተማ አይገኝም። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሰው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።)

ስካርቦሮ በሰሜን ዮርክሻየር በሰሜን ባሕር ዳር የተቆረቆረች ከተማ ናት። ከለንደን የሚነሣ መንገደኛ ዮርክ ከተማ ላይ ባቡር ይለውጥና አንድ ሰዓት ሳይሞላ ይደርሳል፤ ይህ የባቡር ሐዲድ የተከፈተው በ1845 ዓ.ም. ነው። በከተማይቱ መካከል 90 ሜትር ያኽል ከፍታ ያለው አለት ወደ ባሕሩ ገፍቶ ወጥቶ ቆሟል። ራሱ ጠፍጣፋ፣ ጎኑ ገደል ስለ ሆነ አማርኛ የሚያውቅ ሰው ቢያየው አምባ ከማለት በቀር ሌላ ስም አይፈልግለትም። አምባው ባሕሩን ከሁለት ወሽመጥ ይከፍለዋል፤ አንደኛው የደቡብ ወሽመጥ ሲባል፣ ሁለተኛው የሰሜን ወሽመጥ ይባላል።

በዚህ አምባ ላይ ሰው መጠበቂያ የሠራው ከጥንት ጀምሮ ነው። ሮማውያን በ370 ዓ.ም. ገደማ ከባሕር የሚመጣውን ጠላት አይተው ምልክት የሚሰጡበት ማማ አቁመውበት ነበር። በ12ኛው መቶ ዓመት ዊልያም ለ ግሮ የተባለ መስፍን ምሽግ ሠራበት፤ ከጥቂት ዘመን በኋላ ንጉሥ ሄንሪ 2ኛ ምሽጉን ወስዶ ዛሬ ፍራሹ የሚታየውን ታላቅ ግንብ ከ1159 እስከ 1169 ዓ.ም. አሠራ። በ1312 ዓ.ም. የንጉሥ ኤድዋርድ 2ኛ ባለሟል ፒርስ ጋቬስተን በዚሁ ግንብ ውስጥ ተከቦ ስንቅ ስላለቀበት እጁን ሰጠ። ሕይወቱ እንዳይነካ ቃል ተገብቶለት ነበር፤ ነገር ግን ቃሉ ሳይጠበቅለት ወር ያኽል ቈይቶ ተገደለ።

በንጉሡና በፓርላማው መካከል በተደረገው የእርስ በርስ ጦርነት ደግሞ፣ በ1645 ዓ.ም. የፓርላማው ሠራዊት ታላላቅ መድፎችን በአምባው ግርጌ ባለው በቅድስት ማርያም ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ተክሎ ግንቡን ለብዙ ቀን ደበደበው። የሄንሪ ግንብ አንድ ወገኑ የተናደው በዚያን ጊዜ ነው። ግንቡም ዝም አላለም፤ የቤተ ክርስቲያኑ የምሥራቅ ክፍል ከአምባው በተተኰሰ መድፍ ፈርሶ ቀረ። በኋለኛው ዘመንም፣ በታኅሣሥ 16 ቀን 1914 ዓ.ም. ጧት የጀርመን የጦር መርከቦች ከባሕሩ ጉም ውስጥ ብቅ ብለው ከተማይቱን በመድፍ ሲመቱ ግንቡም ሆቴሎቹም አብረው ተመቱ።

ስካርቦሮ የእንግዳ ከተማ መሆን የጀመረችው ከባቡሩ አስቀድሞ ነው። በ1626 ዓ.ም. ገደማ ቶማሲን ፋረር የተባለች ሴት ከደቡቡ ገደል ሥር የሚፈልቅ መራራ ውሃ አገኘች፤ ውሃው በሽታ ይፈውሳል ተባለና ከሩቅም ከቅርብም ሰው ይመጣ ጀመር። የሚታመም ሰው ባለበት ማደሪያ ያስፈልጋል። እንግዲህ ሆቴሎቹ ከጠበሉ አጠገብ፣ ማለትም በደቡቡ ገደል አፋፍ ላይ የበዙበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ከሁሉም የገነነው በ1867 ዓ.ም. የተከፈተው ግራንድ ሆቴል ነው። ከትበርት ብሮድሪክ የተባለው መሐንዲስ ሕንጻውን የዓመት ቀን መቍጠሪያ አድርጎ አቀደው፤ 4ቱ ማማዎች ስለ አራቱ ወቅቶች፣ 12ቱ ፎቆች ስለ ወራቱ፣ 52ቱ የጢስ መውጫዎች ስለ ሳምንታቱ፣ 365ቱ መኝታ ቤቶች ስለ ዕለታቱ የቆሙ ናቸው። በዘመኑ በአውሮፓ ከሚገኙት ሆቴሎች ሁሉ ታላላቅ ከሚባሉት አንዱ ነበር።

ግራንድ ሆቴል ከመሠራቱ በፊት በዚያው ቦታ ላይ የእንግዳ ማረፊያ ቤቶች ነበሩ። በግንቦት ወር 1849 ዓ.ም. ደራሲዋ አን ብሮንቴ ከእኅቷ ከሻርሎትና ከወዳጃቸው ከኤለን ነሲ ጋር ወደዚያ መጣች። የሳንባ ነቀርሳ ይዟት ነበር፤ የጕዞውም ወጪ የክርስትና እናቷ በኑዛዜ ከተወችላት 200 ፓውንድ የተከፈለ ነው። ቤቱን የመረጠችው እንዲያው በደፈና አልነበረም። ቀድሞ በአንድ ሀብታም ቤተ ሰብ ዘንድ የልጆች አስተማሪ ሆና ስታገለግል በየዓመቱ ወደዚያ ሰፈር ትመጣ ስለ ነበር፣ ከየትኛው መስኮት ባሕሩና ግንቡ አብረው እንደሚታዩ ታውቅ ነበር። በደረሰች በማግሥቱ በአሸዋው ላይ በአህያ በሚጎተት ጋሪ ስትንሸራሸር፣ ነጂው ልጅ እንስሳይቱን እንዳያስጨንቃት ብላ ልጓሙን ራሷ ያዘች። ሲመሽ ከመስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ ፀሐይ በግንቡ ላይ ስትጠልቅ አየች። ግንቦት 28 ቀን ዐረፈች። መቃብሯ ከአምባው ግርጌ በቅድስት ማርያም ቤተ ክርስቲያን ቅጽር ይገኛል፤ በድንጋዩ ላይ የተቀረጸው ዕድሜዋ 28 ዓመት ይላል፣ ስትሞት ግን 29 ዓመቷ ነበር። ለሦስት ቀን ማደሪያ እንዲህ የተጨነቀችው ሴት ያደረገችው ምርጫ ለዛሬ መንገደኛም ይጠቅማል።

ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ግንቡን ለማየት የሚመጣ እንግዳ በካርታው ላይ ለግንቡ እጅግ የቀረበውን ቤት ይመርጣል። በአሮጌው ከተማ ጠባብ መንገዶች ውስጥ፣ ከአምባው ሥር ያሉት ትንንሽ ማረፊያዎች ደግ ቤቶች ይሆናሉ፤ ነገር ግን ከመስኮታቸው ግንቡ አይታይም። ከተራራ ሥር የቆመ ሰው የተራራውን ራስ ሊያይ አይችልምና። ግንቡ በሙሉ መልኩ የሚታየው ከወሽመጡ ማዶ፣ ኤስፕላናድ ከሚባለው ከደቡቡ ገደል አፋፍ ነው። ከዚያ ሲመለከቱት አሸዋው በግማሽ ክብ ተዘርግቶ፣ ወደቡና አሮጌው ከተማ ከጫፉ ተሰብስበው፣ በላያቸው ደግሞ አምባው ሰማዩን ተደግፎ ይታያል።

የሰሜኑ ወሽመጥ ጸጥ ያለ ስለ ሆነ ልጆች ላሏቸው ሰዎች ይስማማል፤ በ1912 ዓ.ም. የተከፈተው የፒዝሆልም መናፈሻም በዚያው ወገን ነው። ሆኖም የሰሜኑ ነፋስ የሚጋርደው ነገር ስለሌለ ፊት ለፊት ይመጣበታል፤ የደቡቡን ወሽመጥ ግን አምባው ራሱ ይከልለዋል። ስለ ባሕሩ ሙቀት ከሆነ በሁለቱም ወገን ለውጥ የለም። የቀይ ባሕርን ውሃ የለመደ ሰው በሐምሌና በነሐሴ እንኳ ከ15 ዲግሪ ብዙም በማይበልጠው በሰሜን ባሕር ውስጥ እግሩን ነክሮ ቢመለስ የሚወቅሰው አይኖርም።

በደብዳቤም ሆነ በስልክ ክፍል የሚይዝ ሰው «የባሕር እይታ» በሚለው ቃል ብቻ መርካት የለበትም። አንዳንዱ መስኮት ባሕሩን የሚያሳየው አንገትን ለሚያጣምም ሰው ብቻ ነው። አሮጌዎቹ ቤቶች ሁሉ የሰው ማንሻ ሊፍት የላቸውም። ከተማይቱም ከላይና ከታች የተከፈለች በመሆኗ ከገደሉ አፋፍ እስከ አሸዋው ያለው ደረጃ ለሽማግሌ ጕልበት ከባድ ነው፤ በእንግሊዝ አገር በሐዲድ ገደል የሚወጣና የሚወርድ ሠረገላ ለመጀመሪያ ጊዜ በ1875 ዓ.ም. የተሠራው በዚህች ከተማ የሆነው በከንቱ አይደለም። እንቅልፉ ቀላል የሆነ ሰው ደግሞ ስለ ወፎቹ ይጠይቅ። ኪቲዌክ የሚባሉት የባሕር ወፎች በጸደይ ወራት መጥተው በአምባው ገደል ላይ ብቻ ሳይሆን በግራንድ ሆቴል ግድግዳ ላይም ጎጆ ይሠራሉ፤ ጩኸታቸውም ጎሕ ሳይቀድ ይጀምራል።

ይህ ሁሉ ግን የምቾት ጉዳይ ነው። ከዚህ የበረታው ጥያቄ በ1993 ዓ.ም. ተነሣ።

ከደቡቡ ገደል በላይ ሆልቤክ ሆል የሚባል ባለ አራት ኮከብ ሆቴል ነበር። በ1879 ዓ.ም. የሀብታም መኖሪያ ሆኖ የተሠራ፣ ኋላም ወደ ሆቴልነት የተለወጠ፣ ጽጌረዳ የተተከለበት የአትክልት ስፍራው ወደ ባሕሩ የሚመለከት ቤት ነበር። ግንቡን ከሩቅ ለማየት ለሚወድ እንግዳ ከዚያ የተሻለ ስፍራ አልነበረም። አደጋው ከመድረሱ ስድስት ሳምንት ያኽል አስቀድሞ በገደሉ ላይ ባሉት የእግር መንገዶች ስንጥቅ ታየ፤ ውሃ እንዳይገባበትም ተደፈነ። በሰኔ 3 ቀን ሌሊት ገደሉ ተንቀሳቀሰ። ሲነጋ እንግዶቹ ከሆቴሉ እንዲወጡ ተደረገ። በሁለት ቀን ውስጥ አንድ ሚሊዮን ቶን ያኽል አፈር ተንሸራቶ 60 ሜትር ከፍታ ያለውን ገደል 70 ሜትር ወደ ኋላ አስገባው፤ ናዳውም አሸዋውን ተሻግሮ ባሕሩ ላይ እንደ ምላስ 135 ሜትር ተዘረጋ። የሆቴሉ አንዱ ክንፍ ሰው ሁሉ በቴሌቪዥን እያየው ተደርምሶ ወረደ፤ የቀረውም እንዲፈርስ ተደረገ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ አንድም ሰው አልሞተም።

ባለቤቶቹ ከሆቴሉ በታች ያለው መሬት ባለ ይዞታ የነበረውን የከተማውን ምክር ቤት ከሰሱ። በመጀመሪያ ተፈረደላቸው። በ2000 ዓ.ም. ግን የይግባኙ ፍርድ ቤት፣ ጥፋቱ ይህን ያኽል እንደሚሰፋ ብርቱ የመሬት ምርመራ ሳይደረግ አስቀድሞ ሊታወቅ አይችልም ነበር በማለት ፍርዱን ሻረው። ቤታቸውን ያጡት ሰዎች ከዚህ ፍርድ ያገኙት ነገር የለም።

ለምን ሆቴሉ ወደቀ፣ ግንቡስ ለምን ቆመ? መልሱ ከእግራቸው በታች ነው። አምባው በላዩ ጠንካራ የአሸዋና የኖራ ድንጋይ የተሸከመ አለት ነው። ሆልቤክ ሆል የነበረበት ገደል ግን በጥንት ዘመን የበረዶ ግግር እየጎተተ ያከማቸው የጭቃና የጠጠር ድብልቅ ነው፤ ውሃ ሲጠጣ ይከብዳል፣ ይላላል። ከአደጋው በፊት በነበሩት ሁለት ወራት 140 ሚሊ ሜትር ዝናም ዘንሞ ነበር፤ በገደሉ ውስጥ የነበረውም የውሃ መፍሰሻ ከምክንያቶቹ አንዱ ተብሎ ተቈጥሯል። የዱሮ ሰዎች የአፈር ሳይንስ ባይማሩም ምሽጋቸውን በአለት ላይ አቆሙ፤ የ19ኛው መቶ ዓመት ሰዎች ግን መልካም እይታ ፈልገው በአፈር ላይ ሠሩ። በእርግጥ አለቱም ቢሆን ለዘለዓለም አይደለም። የሮማውያኑ ማማ አንድ ወገኑ ከገደሉ ጋር ወደ ባሕር ወርዷል፤ በአምባው ዙሪያ የሚያልፈው የባሕር ዳር ግንብና መንገድ በ1908 ዓ.ም. የተመረቀውም ማዕበሉ አለቱን እንዳይበላው ጭምር ነው።

ይህን ማለት ግን በኤስፕላናድ አይታደርም ማለት አይደለም። ሦስት ሌሊት ለሚያድር እንግዳ ስጋቱ ጥቂት ነው፤ ሆልቤክም ቢሆን እንግዶቹን አስጠንቅቆ ነው የወደቀው። ስጋቱ የሚከብደው ቤቱን ለገዛው ሰው ነው። ቢሆንም እንግዳው ሆቴሉ ከገደሉ አፋፍ ምን ያኽል እንደሚርቅ ቢጠይቅ እንደ ነውር አይቈጠርበትም፤ የብሪታንያ የጂኦሎጂ መሥሪያ ቤት መሬት የተንሸራተተባቸውን ስፍራዎች መዝግቦ ይዟል። ግንቡም በብርድ ወራት ዘወትር ክፍት ስላልሆነ የሚከፈትበትን ቀን አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ሆልቤክ ሆል በነበረበት ስፍራ ሌላ ሆቴል አልተሠራም። ናዳው የወረደበት ገደል ተስተካክሎ ሣር ለብሷል። ሰዎች ከላዩ ቆመው ወሽመጡን ማዶ ይመለከታሉ፤ ግንቡም ከዚያ ሆነው ሲያዩት የሆቴሉ እንግዶች ያዩት እንደ ነበረው ነው።