በጉና ክፉ ዓመት

ጉና ላይ ክፉ ዓመት አስቀድሞ ይታወቃል። የበልጉ ዝናብ ይቀራል፤ ሰኔ ገብቶም ደመናው ያለ ጠብታ ያልፋል። ገበሬው ያወጣውን ዘር መልሶ ጎተራ ይከታል። ዘግይቶ የተዘራ ገብስ መከራው በጥቅምትና በኅዳር ነው፤ ፍሬው ገና ወተት ሳለ ውርጭ ይመታዋል። ማሳው ከሩቅ ሲያዩት ያማረ ይመስላል፤ ዛላውን በጣት ሲጫኑት ግን ገለባ ብቻ ነው።

በደብረ ታቦር አናት ላይ ያለው ይህ ተራራ ከ4,100 ሜትር በላይ ከፍ ይላል። የርብና የጉማራ ወንዞች ከዚሁ ተነስተው የፎገራን ሜዳ አቋርጠው ጣና ይገባሉ። በአልፕስና በሂማሊያ የክረምቱን ውኃ እስከ በጋ የሚያቆየው በተራራው ላይ የተከመረው አመዳይ ነው። ጉና ግን እንዲህ ያለ ክምችት የለውም። በረዶ ጥሎ ሜዳው ቢነጣም ፀሐይ ስትወጣ ይቀልጣል። እዚህ ውኃ የሚያቆዩት ጓሳ የተባለው ሣር፣ አስታ የተባለው ቁጥቋጦና ከሥራቸው ያለው ጥቁር አፈር ናቸው። የጓሳውን ሣር ፈልቅቀው እጅ ቢሰዱበት፣ ላዩ ደርቆም ሥሩ እርጥብ ነው።

ችግሩ ይህ የውኃ ጎተራ መራቆቱ ነው። እርሻው ከ3,500 ሜትር በላይ ወጥቷል፤ አስታው ለማገዶ ተቆርጧል፤ ልቅ ግጦሹም ጓሳውን ጨርሶታል። ደብረ ታቦር በዓመት ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር ዝናብ ታገኛለች፤ አብዛኛው ግን በክረምቱ ወራት ይወርድና አፈሩን ጠርጎ ይሄዳል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ማብቂያ ፎገራንና ሊቦ ከምከምን ጎርፍ ሲያጥለቀልቅ፣ ከላይ የተራቆተው መሬትም ድርሻ ነበረበት። ስለዚህ የዝናብ ማነስ ብቻውን ክፉ ዓመት አያመጣም ባይ ነኝ። በደግ ዓመት ያልተያዘ ውኃም ያመጣዋል።

የሰሜን ሸዋው መንዝ ይህን ቀድሞ አውቋል። ጓሳ የተባለውን ሜዳውን ቄሮ በሚባል የጋራ አጠባበቅ ሥርዓት ለብዙ መቶ ዓመታት ሲጠብቅ ኖሯል። ሜዳው ለሦስት፣ አንዳንዴም ለአምስት ዓመት ይዘጋ ነበር፤ ድርቅ ሲጠና ደግሞ ለከብትና ለሣር አጨዳ ይከፈት ነበር። ሥርዓቱ የፈረሰው ከ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ በኋላ ነው። እኔን የሚገርመኝ መዝጋቱ ብቻ አይደለም፤ መቼ እንደሚከፈት ማወቃቸው ነው። ጉናም የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ተብሎ ተከልሏል። ነገር ግን ድሃው በጎቹን ይዞ የት እንደሚሄድ ካልተነገረው፣ ከለላው በሌሊት ይጣሳል።

በእርሻው በኩል ብዙ ተሞክሯል። በአካባቢው ያሉት የላይ ጋይንት፣ የስማዳና የእብናት ወረዳዎች ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሴፍቲኔት ታቅፈዋል፤ በየበጋው በሚወጣው የተፋሰስ ዘመቻም እርከንና ክትር ይሠራል። ገብሱ ሲከዳ ትሪቲካሌ የተባለ እህል የሚዘራ አለ። እኔ ይበልጥ የማምነው ግን ድንችን ነው። ገብስ ገና ሳይደርስ ቤት ይደርሳልና የክረምቱን ረሃብ ያስታግሳል። የአዴት ምርምር ማዕከል ለደጋው «ጓሳ» እና «ዘንገና» የተባሉ ዝርያዎችን አውጥቷል። ዘሩ ጨለማ ጎጆ ውስጥ ከተከመረ ነጭ፣ ቀጭንና ተሰባሪ ጎንቁል ያወጣል። ብርሃን በሚገባበት የእንጨት ቆጥ ላይ ተዘርግቶ ከቆየ ግን ጎንቁሉ አጭር፣ ወፍራምና አረንጓዴ ይሆናል፤ ዝናቡ ዘግይቶ ቢመጣም ዘሩ ሳይዳከም ይጠብቀዋል። ቆጡን ለመሥራት ባሕር ዛፍና ሣር ይበቃል።

የሚቀረው የክፍያ ጉዳይ ነው። የጉና ውኃ የፎገራን ሩዝ ያጠጣል፤ ጣና ገብቶም ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ 460 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለውን የጣና በለስ ጣቢያ ያንቀሳቅሳል። ከተራራው ላይ ከብቱን ያወረደ ገበሬ ከዚህ ጥቅም ድርሻ ሊደርሰው ይገባል፤ ይህም በዘመቻ ሳይሆን በሕግና በየዓመቱ ሊሆን ይገባዋል። በክፉ ዓመት ደግሞ ከለላው ለሣር አጨዳ የሚከፈትበትን ቀን መወሰን ያለበት ከተራራው ሥር የሚኖረው ቀበሌ ራሱ ነው።