የእንጦጦ የጭቃ ግድግዳና የሕዝብ በጀት

ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ማርያም የወጣ ሰው የተራራውን ብርድ ያውቀዋል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑት እዚሁ ነው። ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ያለው ቤተ መንግሥታቸው በእንጨትና በጭቃ የተሠራ፣ ሣር የለበሰ ቤት ነው።

ይህ ቤት ኃይል መቆጠብን ከማንም አልተማረም። ወፍራም የጭቃ ግድግዳ የቀኑን ሙቀት ይዞ ያመሽና ለሌሊቱ ቀስ እያለ ይለቃል፤ የሣር ክዳንም ብርዱን ይከላከላል። ስለዚህ እንዲህ ያለውን ቤት «እናድስ» ተብሎ በሲሚንቶ መለሰን ትልቅ ጥፋት ነው። እርጥበቱ መውጫ ያጣል፣ ጭቃው ከውስጥ ይረግፋል፣ ማገሩ ይበሰብሳል። የእድሳት ገንዘብ መጀመሪያ ሊደርስ የሚገባው ጭቃና ጭድ አቡክተው መምረግ ለሚያውቁ እጆች ነው።

መብራት ላይ ግን አዲሱ ያሸንፋል። ባለ 60 ዋት አሮጌ አምፖል የሚሰጠውን ብርሃን 9 ዋት ገደማ የሚወስድ ኤልኢዲ ይሰጣል። በሙዚየም ለሚታዩ የቆዩ ካባዎች ግን ብርሃኑ ከ50 ሉክስ ባይበልጥ ይመረጣል።

ገንዘቡስ ከየት ይምጣ? አዲስ አበባ ምሳሌ አላት። በ1953 ዓ.ም. የተመረቀውን አፍሪካ አዳራሽ ለማደስ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ 56.9 ሚሊዮን ዶላር ፈቀደ፤ አዳራሹም በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ዳግም ተከፈተ። ይህም ከአገሮች መዋጮ የወጣ የሕዝብ ገንዘብ ነው።

ገንዘቡ ቢገኝም፣ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ ከመታደሱ በፊት የቅርስ ባለሥልጣን ፈቃድ ያስፈልጋል። በጀት የምትይዙ ሁሉ፣ ከእድሳቱ ጋር የየዓመቱን ጥገናም ያዙ፤ ያልተጠገነ የሣር ክዳን ክረምቱን አይችልም።